ጓሳ ሲኬድ ከቀይ ቀበሮው በፊት ሳሩ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለ መንዝ ጓሳ ጉብኝት

እንደምን ሰነበታችሁ? የአገር ውስጥ ጉብኝትን የሚያበረታቱ ጽሑፎች በጋዜጦች ላይ መብዛታቸው ደስ ያሰኛል። ስለ መንዝ ጓሳ ሲጻፍ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ እንስሳ ይጠቀለላል። የቀይ ቀበሮ ፎቶ ይወጣል፣ «ሄዳችሁ እዩት» ይባላል፤ መቼ፣ እንዴት፣ ምን ተይዞ የሚለው ይዘለላል። ከዚያ የሚመጣውን አካባቢውን የምናውቅ ሰዎች ደጋግመን እናየዋለን። ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሳ ቡድን እኩለ ቀን አልፎ ይደርሳል፤ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሳር ላይ ይቆማል፤ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ቀበሮ ይፈለጋል፤ ሲጠፋ «እዚህ ምንም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ያ ቡድን ያን ጊዜ የቆመው ቀበሮው በሚበላቸው አይጦች ጣሪያ ላይ ነው። ጓሳን ለማየት የሚሄድ ሰው ሳሩን ማንበብ ካልቻለ ቀበሮውንም አያገኘውም፤ ቢያገኘውም የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አይገባውም።

ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በምሥራቅ በኩል ገደል ነው፤ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ደግሞ በጀማ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ዛፍ ያለበት መናፈሻ የጠበቀ ሰው ያዝናል፤ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በየጥጉ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በየረግረጉ ዳር ብቅ ብቅ ይላል፣ የቀረው ሳር ነው።

የጓሳ ሳር እንደ ግቢ ሳር መሬቱን አልብሶ አይበቅልም። እያንዳንዱ ጉቶ እንደ ታሰረ ነዶ ለብቻው ተሰብስቦ ይቆማል። ብዙ ሰው በደረሰበት ቦታ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ተዘግቶ በቆየበት ቦታ ጉልበት ይደርሳል፣ አንዳንድ ስፍራም ከዚያ ይበልጣል። አንዱን ጉቶ ጎንበስ ብሎ በእጅ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ከላይ አረንጓዴው፣ ከውስጥ ያለፉት ዓመታት የደረቀ ቅጠል፣ ከሥር እርጥበት የቋጠረ ጥቁር አፈር ይገኛል። በታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ የጉቶው ውስጥ ከውጭው ይሞቃል። በጉቶና በጉቶ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል የተጠረገ መስመር ይታያል፤ የአይጥ መንገድ ነው። ሳሩ ከታች ተቆርጦ ቁርጥራጩ በመስመሩ ጎን ከተከመረና ቁርጥራጩ ገና አረንጓዴ ከሆነ፣ ባለቤቶቹ ዛሬም አሉ ማለት ነው። ከዚህ ወጣ ብሎ ባለው ገላጣ ላይ ትንንሽ የአፈር ክምሮች አሉ፤ እነዚህ የፍልፈል ናቸው። ክምሩ ደርቆ ከነጣ የቆየ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ፍልፈሉ ያወጣው በዚያው ቀን ነው። እንዲህ ያለ እርጥብ ክምር የበዛበትን ሜዳ ያገኘ ጎብኚ ቀበሮ ፍለጋ ከዚያ መራቅ የለበትም፤ ራቅ ካለ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ሜዳ መጠበቅ ይበቃዋል።

በባሌ ተራሮች ትልቁ ፍልፈል እንዳለ የሰሙ ሰዎች ጓሳ ላይም ይፈልጉታል። እሱ ከባሌ ውጭ አይገኝም። የጓሳ ቀበሮ የሚኖረው በትንሹ ፍልፈልና በሣር አይጦች ነው። እንዲህ ባለ ብርድ አገር ሌሊቱ ስለሚከፋ አይጦቹ የሚወጡት ቀን ነው፤ ቀይ ቀበሮም ቀን የሚያድነው ለዚሁ ነው። ሲያድንም ብቻውን ነው። በቡድን የሚኖር እንስሳ ሆኖ ሳለ ለምግብ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይሰማራል፤ ጠዋትና ማታ ተገናኝተው ድንበራቸውን ይዞራሉ። ስለዚህ አንድ ቀበሮ ብቻውን ማየት ቡድኑ አልቋል ማለት አይደለም።

መኪና ሳር ላይ አይውጣ የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። የአይጥና የትንሹ ፍልፈል ዋሻ ብዙ ቦታ ከመሬት በታች ከስንዝር እምብዛም አይርቅም። የአንድ መኪና ጎማ በአንድ ዙር የሚደረምሰው ርዝመት ቀላል አይደለም። በክረምት የተነዳበት መስመር ደግሞ ጎማው የጨፈለቀው ሥር ስለሚሞት ውሃ ይወርድበታል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ቦይ ይሆናል። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያልፈው ዋና መንገድ ራሱ ጥብቁን ስፍራ ሰንጥቆ ስለሚሄድ ከመንገድ መውጣት ጭራሽ አያስፈልግም። ቀበሮ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ከዚያው መንገድ ላይ ነው። ሞተር ማጥፋት፣ በር ቀስ ብሎ መክፈት፣ ከመኪናው አለመራቅ ይበቃል።

የሳሩን ጉዳይ እዚህ ላይ ብንተወው ግማሹን ትተን ነበር። ይህ ሳር እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ በሥርዓት ስለነካው ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ በቄሮ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። መሬቱ ለአስቦና ለጌራ፣ ማለትም ለሁለቱ አቅኚ አባቶች ዘሮች የተከፈለ ርስት ነበር። በየወገኑ አባ ቄራ ተመርጦ ጥበቃውን ይመራል። ሳሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። በቂ ቁመት ደርሷል ሲባል በበጋው፣ የካቲት ወይም መጋቢት ገደማ ይከፈታል። መጀመሪያ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነው ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። ተዘግቶ ሳለ የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ጓሳ የማንም ሆኖ ብዙ ተጎዳ። ዛሬ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ የሚመራ ሲሆን፣ መዝጋትና መክፈት የሚለው ሐሳብ ግን ያው ጥንታዊው ነው።

ስለዚህ ጎብኚ ማጭድ የያዘ ገበሬ ጓሳ ውስጥ ቢያይ «ጥብቁን እያጠፉት ነው» ብሎ ፎቶ አንስቶ መልቀቅ የለበትም። በተከፈተ ወቅት ከጉቶው በላይ የታጨደ ሳር መልሶ ይበቅላል፤ እንዲያውም ያረጀው ቅጠል ስለሚነሳለት አዲሱ ብርሃን ያገኛል። የሚያጠፋው ከሥር መንቀልና ያለ እረፍት ማጋጥ ነው። እንዲህ በተደረገበት ቦታ ጉቶው እየሳሳ ይሄዳል፣ ጨራንፌና ሌላው ቁጥቋጦ ይበረታል፤ ጨራንፌ ደግሞ ክዳን አይሆንም፣ ለአይጥም እንደ ሳሩ አይመችም። በደንብ የተያዘን ቦታ ከተጎዳው ለመለየት ዓይንን ወደ መሬት ማድረግ ነው፤ በጉቶዎቹ መካከል ያለው አፈር ራቁቱን ከወጣ ችግር አለ።

አሁን ወደ ጭላዳ ዝንጀሮ። ቀበሮ ቢቀር ጭላዳ አይቀርም፤ አንዳንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ አንድ ሜዳ ላይ ይሰፍራል። ሌሊቱን የሚያድሩት ምሥራቁ ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ገደሉን ካሞቀች በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት መካከል፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ማታ ከመጨለሙ በፊት ይወርዳሉ። በሕይወት ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዓይነቶች ሁሉ በዋናነት ሳር ጋጭ የሆነው ይህ ብቻ ነው። ዝም ብሎ አንዱን ለአሥር ደቂቃ መመልከት ከመንጋው ሩጫ የበለጠ ያስተምራል፤ መቀመጫው ላይ እንደ ተቀመጠ ይንፏቀቃል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቱ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ መዳፉ ሲሞላ አፉ ይከታል። በጓሳ የሚበላው ሳር ብቻ አይደለም፤ ማገጥ የሚባለውንና ሌላውን ቅጠላ ቅጠል በብዛት ይበላል፤ በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ለጌጥ ይመስላል፤ በወንዱ ላይ እጅግ ደምቆ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ እንስት የያዘ መሪ ነው።

ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በጓሳ ጭላዳዎችን የሚከታተል ምርምር ስላለ አንዳንዱ መንጋ ሰው ለምዷል። ይህ መልመድ በምግብ የተገኘ አይደለም፤ በትዕግሥት የተገኘ ነው፤ እንዲበላሽ የሚያደርገውም አንድ ዳቦ ነው። ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ጭላዳ ቦርሳ ይነጥቃል፣ ቀጥሎ ወደ ገብስ ማሳ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ድንጋይ የሚወረውርበት ገበሬ ጥፋተኛ አይደለም። ከ10 ሜትር አለመቅረብ፣ በመንጋውና በገደሉ መካከል አለመቆም፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነውና መንገዱን የዘጋ ሰው መንጋውን ያሸብራል።

በጓሳ ብቻ በደንብ ተጠንቶ የታወቀ አንድ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን 67 ይሳካለታል። መንጋው ሲንቀሳቀስ አይጦቹን ያስነሳቸዋል ወይም ቀበሮውን ይሸፍንለታል ተብሎ ይገመታል። ቀበሮውም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። በመንጋው መካከል ሲያልፍ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከግልገሎቹ አንስቶ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ግልገል ለመንካት ከሞከረ ግን ተባብረው ያባርሩታል። ጎብኚ ይህን ሲያይ የሚያጠፋው ስህተት አንድ ነው፤ ቀበሮውን በቅርብ ለማንሳት ወደ መንጋው ይሄዳል። መንጋው ይነሳል፣ አይጡ ይደበቃል፣ ቀበሮው ሌላ ሜዳ ፍለጋ ይሄዳል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ 8 በ42 በሆነ (ስምንት እጥፍ በሚያቀርብ) የሩቅ ማያ መነጽር ማየት ይሻላል። ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በስልክ ቢነሳ የሚወጣው ቀይ ነጥብ ነው።

ቀይ ቀበሮን ከተራው ግራጫ ቀበሮ የማይለዩም ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ጓሳ ውስጥ አሉ። ቀዩ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ ማነቆ ያለው፣ ጭራው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ከዚያ በታች ጥቁር ነው። ግራጫው ይህ ሁሉ የለውም፤ በብዛት የሚታየውም በጥብቁ ዳርና በሰፈር አጠገብ ነው።

የወፉን ነገር ለወፍ ተመልካቾች እንተወዋለን፤ አንዲት ብቻ እናንሳ። ገደሉ ጫፍ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የምትሄድ፣ ቡናማና መስመር መስመር ያለባት፣ ማንም ልብ የማይላት ትንሽ ወፍ ካለች ዝም ብላችሁ አትለፏት። በአንኮበር ስም የምትጠራውና እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተገለጸችው የአገራችን ብቻ የሆነች ወፍ ልትሆን ትችላለች። ትልቁ ጥንብ አንሳ አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት እየጣለ ሲሰብር የሚታየውም እዚያው ገደል ላይ ነው።

መቼ ይኬድ? ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሳሩ አረንጓዴ፣ አበባው ብዙ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ለእይታ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ጉሙ ሜዳውን ይውጠዋል፤ ሲገለጥ ውብ ነው፣ እንደሚገለጥ ግን ማንም ዋስ አይሆንም። የቀበሮ ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ስለሆነ በእነዚህ ወራት ጉድጓድ ፈልጎ መቅረብ ነውር ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ከተረበሸች ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዞራለች፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ይህ ለግልገል አደጋ ነው። በቀኑ ውስጥ ደግሞ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት እና ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽት ነው። በመካከሉ ነፋሱ ይነሳል። ይህን ሰዓት ለማግኘት እዚያው ማደር ግድ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጓሳን አየሁ ማለት አይቻልም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ወደ ጣርማ በር፣ ከጣርማ በር ከደሴ መንገድ ወጥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ይዞ ነው። የመንገዱ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በአካባቢው ላለ ሰው ሳይደወል አይነሳም። የሚቻል ከሆነ ደብረ ብርሃን ማደሩ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል፣ ነዳጅና ምግብም እዚያ ይሞላል። በአንድ ቀን ከቆላ ወደ 3,500 ሜትር የወጣ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ቢያገኘው አይገረም፤ ውሃ ይጠጣ፣ አይሩጥ፣ አልኮል ይተው። ማስታወክና መንገዳገድ ከተጨመረበት ግን በዚያው ሌሊት ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ሳሩ ውስጥ የሄደ ሰው ጤዛው በሩብ ሰዓት እስከ ጉልበቱ ያርሰዋል። ፀሐዩም ሳያሞቅ ያቃጥላል። ለምግብ ማብሰያ ቡታጋዝ ይያዝ። በየካቲት ደረቅ ጓሳ ላይ እሳት ማንደድ ሦስት ዓመት የተዘጋን ሳር በአንድ ከሰዓት መጨረስ ነው፤ ማገዶውም ቢሆን ሰፈሩ በሥርዓት የሚከፋፈለው ነው።

ማረፊያውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አስቀድሞ ማስያዝ ይገባል፤ ድንኳን መትከያም አለ። አስጎብኚና ስካውት (የጥብቁን ጠባቂ) መውሰድ ወጪ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ስካውቱ ትናንት ቀበሮው የት እንዳደረ ያውቃል፤ እናንተ ግማሽ ቀን የምታጠፉበትን ሜዳ እሱ በአንድ እይታ ይተወዋል። ክፍያው በደረሰኝ ይሁን፤ ሳሩን ዘግቶ ለሚጠብቀው ገበሬ ጎብኚ ጥቅም እንዳለው የሚያሳየው ያ ገንዘብ ነው።

የመጨረሻውና እኛን በጣም የሚያሳስበን ውሻ ነው። ከከተማ ውሻ ይዘው የሚመጡ ጎብኚዎች ይታያሉ፤ የተከተበ ነው ይላሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ በጓሳ ያለው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። እንዲህ ያለ ሞት ጓሳ ላይ ቢወርድ የሚተርፍ አይኖርም ማለት ይቻላል። ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ ውሾች የሚያስተላልፉት ዲስቴምፐር የሚባል በሽታም አለ፤ ለአንዱ የተከተበ ውሻ ለሌላው ሳይከተብ ሊቀር ይችላል። ጭላዳም አይተርፍም። ጓሳ ላይ አንዳንዱ ጭላዳ ደረቱ ወይም ጎኑ ላይ ብርቱካን የሚያህል፣ የሚንጠለጠል እብጠት ይዞ ይታያል፤ ጎብኚዎች ቁስል ወይም ዕጢ ነው ይላሉ። የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ የቋጠረው ውሃ ነው። ትሉ የሚያድገው በውሻና በቀበሮ ወገን አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከእዳሪ ጋር ሳር ላይ ይወድቃል፤ ጭላዳ ሳሩን ሲበላ ይወስደዋል። እብጠቱ ያለባቸው ቶሎ ይሞታሉ፤ እናቶቹም ግልገሎቻቸውን በብዛት ያጣሉ። ውሻችሁ ቤት ይቆይ።

የሞተ ወይም የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይፈራ ቀበሮ ያየ ሰው አይንካው፣ አይቅረበው፣ ቦታውን በስልኩ መዝግቦ ወዲያውኑ ለስካውት ይንገር። ከሬሳ የሚወሰድ ናሙና በፀሐይ ከዋለ ወይም ጅብ ከቀደመ ምርመራ አይገኝበትም፤ ያ ውጤት ካልታወቀ ደግሞ በአካባቢው ያሉትን ውሾች ለየትኛው በሽታ መከተብ እንደሚያስፈልግ በወቅቱ መወሰን ያስቸግራል። ስለ ጓሳ በምታወጡት ቀጣይ ጽሑፍ ሥር ይህችን አንቀጽ ብቻ እንኳ ብታትሙልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ